የጉድጓዱ ትንፋሽ

ጋሽ ሙሄ ከሸዋ ሮቢት ገበያ አሥር ባዶ ከረጢት ገዝተው በብብታቸው ሸጉጠው ወደ ባጃጅ መቆሚያው ሲጣደፉ፣ በየጥቂት እርምጃው ቀና እያሉ ወደ ደጋው አፋፍ ይመለከቱ ነበር። ደመናው ከጠዋቱ ይልቅ ጠቁሯል። ከአሥር ቀን በፊት ማንም ያልጠበቀው የየካቲት ዝናብ ወርዶ ጎርፉ በጓሯቸው አልፏል፤ የዓመት ቀለባቸው የተቀበረበትን የማሽላ ጉድጓድ አፍም አርሶት ሄዷል። ትናንት ምድሩን በመዳፋቸው ቢዳስሱት ለብ አላቸው። አፍንጫቸውን ቢያስጠጉ የኮመጠጠ ነገር ሸተታቸው። ዛሬ ሌላ ዝናብ ከደገመ ያ ሁሉ እህል ከጭቃ ተቀላቅሎ መቅረቱ ነው።

ስለዚህ ከቤት ሲወጡ ልጃቸውን ሳሊምን «ክዳኑን አንስተህ ጠብቀኝ፤ ከረጢት ይዤ እንደደረስኩ ትገባለህ» ብለውት ነበር የመጡት። ሳሊም ሠላሳ ዓመት የሞላው፣ ሚስት አግብቶ፣ ልጅ ወልዶ በአባቱ ጓሮ ጎጆ የቀለሰ፣ የታዘዘውን ቶሎ የሚፈጽም ሰው ነው። ይህ ጠባዩ ሌላ ጊዜ ሁሉ ያስደስታቸዋል። ዛሬ ግን ለምን እንደሆነ ራሳቸውም ሳይገባቸው ያቅበጠብጣቸው ነበር።

መቆሚያው ዘንድ ሲደርሱ አንዲት ወጣት ሴት የፈተና ወረቀት የሞላ ፌስታል አንጠልጥላ ስታልፍ አዩና «ሂዳያ!» ብለው ተጣሩ። የሟች ታናሽ ወንድማቸው የበድሩ ልጅ ናት። አባቷ ሲሞት ገና የአርባ ቀን ሕፃን ነበረች። እናቷ ፋዲላ አቅፋት ከመንደር ወጥታ ከተማ ገባች፤ ጉሊት ተቀምጣ ሽንኩርትና ቲማቲም ቸርችራ አስተማረቻት። አሁን ሂዳያ እዚያው ከተማ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኬሚስትሪ ታስተምራለች።

«አሰላሙ ዐለይኩም አባባ! ምነው እንዲህ ጥድፍ ጥድፍ አሉ? በደኅና ነው?»

«ወዐለይኩሙ ሰላም ልጄ። ደኅና ነው፣ አልሐምዱሊላህ። ጉድጓዱ ውኃ ገብቶበት እህሉ ሊበላሽብን ነው። ሳሊም ዛሬ ገብቶ ሊያወጣው ነው። በይ እናትሽን ሰላም በይልኝ፤ ዝናቡ ሳይቀድመኝ ልሂድ።»

የሂዳያ ፊት ተለወጠ። «ማን ነው የሚገባው አሉኝ?»

«ሳሊም ነዋ።»

«ክዳኑ ተከፍቷል?»

«እስካሁን ሳይከፍተው አይቀርም።»

«አባባ፣ አሁኑኑ ይደውሉለት። እንዳይገባ ይንገሩት!»

ጋሽ ሙሄ በልጅቱ ድምፅ ደንገጥ አሉና ስልካቸውን ከኪሳቸው አወጡ። ደወሉ። አይመልስም። በድጋሚ ደወሉ፤ ማግኘት እንደማይቻል የሚናገረው የሴት ድምፅ መጣ። በመንደሩ ኔትወርክ አንድ ቀን ይኖራል፣ አንድ ቀን ይጠፋል። ሂዳያ የሚቀርበውን ባጃጅ በር ገለጠችና «ኮንትራት ነው፤ ወደ ጀውሃ መንገድ፤ በተቻለህ ፍጥን» አለችው ሹፌሩን። ከዚያም አጎቷን በክንዳቸው ይዛ አስገባቻቸው።

የጋሽ ሙሄ መንደር ወደ ጀውሃ ከሚወስደው አስፋልት ገባ ብላ ከቆላው ሜዳ ላይ ያለች ናት። መንገዱ ሌላ ጊዜ አጭር ነው። ያን ቀን ግን ረዘመ። ከባድ መኪኖች ተሰልፈው ያዘግማሉ፤ ባጃጁ ሊቀድም ይወጣል፣ ተመልሶ ይገባል።

«ምን ሆነሻል አንቺ ልጅ?» አሉ ጋሽ ሙሄ ጥቂት ከተረጋጉ በኋላ። «ጉድጓድ ዛሬ ነው እንዴ የጀመርነው? አባቴም አያቴም እህላቸውን በጉድጓድ ነው ያኖሩት።»

«ጉድጓዱን አልተቃወምኩም አባባ።»

«አይ፣ የተማራችሁት ሁሉ እንደዚያ ናችሁ። ባለፈው የግብርና ሰዎች መጥተው ጉድጓድ ተዉ፣ በከረጢት አድርጉ አሉን። አጣዬ በግጭቱ በተቃጠለ ጊዜ ከምድር በላይ የነበረው እህል ምን ሆነ? የሰው ጎተራ ዓመድ ሲሆን ሰምተሻል። የኛ እህል ከመሬት ሥር ስለሆነ ስንት ሰው አጠገበ! ሸሽተው የመጡትን ያበላንበት እኮ ከዚያው ጉድጓድ አውጥተን ነው። ከረጢትሽ እሳት ይችላል?»

«አይችልም» አለች ሂዳያ። «እርሱ እውነት ነው። በዚህ አልከራከርዎትም።»

ጋሽ ሙሄ እንዲህ በቀላሉ ታምንልኛለች ብለው አልጠበቁም ነበር።

«እኔ የምለው ሌላ ነው» ቀጠለች። «ማሽላ የሞተ ነገር አይደለም። ዘር ነው። ዘር ደግሞ ይተነፍሳል። ደረቅ ሲሆን ትንፋሹ ከመኖር አይቆጠርም። እርጥበት ሲያገኝ ግን ሊበቅል ይነሳል፣ በኃይል ይተነፍሳል። ጉድጓዱ ውስጥ ያለውን ደግ አየር ይጨርስና መጥፎውን ያስወጣል። መጥፎው ደግሞ ከባድ ነው፤ ክዳን ቢከፈትም እንደ ውኃ ታች ይተኛል እንጂ ተንኖ አይወጣም። በዚያ ላይ የገባ ሰው ሁለት ሦስት ጊዜ ተንፍሶ ይወድቃል። ለመጮኽ እንኳ ጊዜ አያገኝም።»

«ተይ ልጄ፤ በጉድጓድ የሚገድለውን እኔ አውቀዋለሁ። ባዶ ቦታ አይደለም፤ ባለቤት አለው። ቢስሚላህ ሳይል የገባበትን ሰው…» ብለው ጋሽ ሙሄ ድንገት አቆሙ።

ሂዳያ ፊቷን ወደ ውጭ አዞረች። ባጃጁ ውስጥ የሞተሩ ጩኸት ብቻ ቀረ።

አንባቢ ይህ ዝምታ ከየት እንደመጣ ሊያውቅ ይገባል። በድሩ የሞተው በማሽላ ጉድጓድ ውስጥ ነው። ከሃያ አራት ዓመት በፊት፣ ዝናብ በበዛበት አንድ ክረምት፣ ለቀለብ ሊቀዳ ገብቶ በቆመበት ወደቀ። በገመድ ጎትተው ሲያወጡት በአካሉ ላይ ጭረት እንኳ አልነበረም። ታዲያ የመንደሩ ሰው ቁስል ያልታየበትን ሞት ለጅኒ ሰጠው፤ «ቢስሚላህ ሳይል ገብቶ ነው» ተባለ። ይህም ወሬ ከሬሳው ጋር አልተቀበረም። ፋዲላ ከመንደር የወጣችው ከሐዘኑ ይልቅ ወሬውን ሸሽታ ነው። «የዚያ የፈጣሪውን ስም የረሳው ሰው ሚስት» ሲሏት በጆሮዋ ሰምታለች። ከዚያ ወዲህ በዚያ መንደር ውኃ ቀምሳ አታውቅም።

ባጃጁ ከአስፋልቱ ወርዶ አቧራውን እያቦነነ ወደ መንደሩ ገባ። የመጀመሪያዎቹ የዝናብ ጠብታዎች መስታወቱን መቱት። ጋሽ ሙሄ ከሩቅ ጓሯቸውን አዩ። ሳሊም ሸሚዙን አውልቆ በጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጧል፤ አንድ እግሩ ውስጥ ነው።

ሂዳያ ባጃጁ ሳይቆም ወረደች። «ሳሊም! ውጣ! እግርህን አውጣ!»

ሳሊም ደንግጦ ቀና አለ። «ምን ሆናችሁ? ሰው ሞተ እንዴ? ዝናቡ እየመጣ ነው፤ አባቴ ቆየ ብዬ ልጀምር ነው።»

«ወንድሜ፣ ስለ አላህ ብለህ ና ወደዚህ።»

ሳሊም አባቱን አየ። ጋሽ ሙሄ ከረጢቱን ጥለው ሲሮጡ አይቷቸው አያውቅም፤ እግሩን አወጣ።

ከአጥሩ ማዶ ያሉት ጎረቤታቸው እትዬ የሺ ጩኸቱን ሰምተው እጃቸውን በነጠላቸው እየጠረጉ መጡ። የክርስቲያንና የእስላም ቤት በአንድ አጥር የሚዋሰንበት መንደር ነው፤ የሺና ሙሄ አርባ ዓመት እሳት ተበዳድረዋል።

«እትዬ የሺ፣ ኩራዝ አለዎት?» አለች ሂዳያ።

«በቀን ኩራዝ?» ብለው ተገረሙ፤ ግን አምጥተው ሰጧት።

ሂዳያ ኩራዙን በሽቦ አንጠልጥላ በሲባጎ አሰረችና ለኮሰችው። «ልብ ብለው ይዩልኝ አባባ» ብላ ወደ ጉድጓዱ ቀስ እያለች አወረደችው። አንድ ክንድ ያህል ወረደ፤ ነበልባሉ ደኅና ነው። ሁለት ክንድ ሊሞላ ሲል ነበልባሉ ተንቀጠቀጠ፣ ወደ ላይ ተሳበ፣ ጠፋ። አውጥታ ለኮሰችው። በድጋሚ አወረደችው። እዚያው ቦታ ሲደርስ ጠፋ። ንፋስ የለም። ሦስተኛ ጊዜ ጋሽ ሙሄ ሲባጎውን ተቀብለው ራሳቸው አወረዱት። ጠፋ።

ሳሊም ሸሚዙን ለበሰ።

«ይኸውልሽ!» አሉ ጋሽ ሙሄ። «እኔ ምን አልኩ? ጅኒ ብርሃን አይወድም። ብርሃኑን አጠፋው። አሁን ሼኩን አስጠርተን ቁርኣን ይቀራበት፤ ከዚያ በኋላ ቢስሚላህ ብሎ ይገባል።»

«ይቀራበት አባባ፤ እኔም አሚን እላለሁ። ዱዓ ከማንም ነገር ጋር አይጣላም። ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ሳሊም፣ የእጅ ባትሪህን አምጣልኝ።»

ሳሊም አመጣ። አበራችውና በዚያው ሲባጎ አሥራ አወረደችው። ሁለት ክንድ አለፈ። ሦስት። እስከ ታች ደረሰ፤ እንዳበራ ነው። አራቱም በአፉ ዙሪያ አጎንብሰው፣ ፊታቸውን ግን ራቅ አድርገው ተመለከቱ። የማሽላው ፊት እንደ ሽበት ያለ ነጫጭ ቡቃያ አውጥቶ አበጥ ብሏል።

«ጅኒው ብርሃን የሚጠላ ከሆነ ይህን ለምን ተወው?» አለች ሂዳያ በለሰለሰ ድምፅ።

ጋሽ ሙሄ ሲባጎውን ተቀብለው ወዘወዙት። ዓይናቸው ከባትሪው ላይ አልተነሣም።

«ሁለቱም ብርሃን ናቸው» ቀጠለች። «የመጡበት ግን ይለያያል። ኩራዙ ጋዙን የሚያነደው ከአየር ጋር አዋሕዶ ነው፤ ኦክስጅን የምንለው ደጉ አየር ከሌለ ነበልባል የለም። ከሰልም እንደዚያው ነው። የመጣንበት ባጃጅ ቤንዚን የሚያቃጥለው በአየር ነው። የእጅ ባትሪው ግን ጉልበቱን ይዞ ነው የሚሄደው። በባትሪው ድንጋይ ውስጥ የተቀመሙት ነገሮች እርስ በርሳቸው ሲዋሐዱ ኤሌክትሪክ ይወጣል፤ ከውጭ አየር አይለምኑም። ለዚህ ነው የእጅ ባትሪ ሰው የሚያታልለው። ይዞት የገባ ሰው ያያል፣ ደኅና ነው ይላል፣ ከብርሃኑ ጋር ይወድቃል።»

«እኛስ?» አለ ሳሊም። «እኛ ከኩራዙ ነን ከባትሪው?»

«ከኩራዙ። አንተ ማሽላ በልተህ ስታርስ ያ ጉልበት ከየት ይመጣል? የበላኸው ከምትተነፍሰው አየር ጋር በሰውነትህ ውስጥ ቀስ ብሎ ይቃጠላል። ነበልባል የለውም እንጂ እሳት ነው። ገላህ የሚሞቀው ለምን ይመስልሃል? ታች ያለው ማሽላም አሁን የሚያደርገው ይህንኑ ነው። አንተን ሊያጠግብ የተቀመጠውን ጉልበት ራሱ እየበላው ነው።»

«ቆይ ቆይ» አሉ እትዬ የሺ ድንገት። «የኔ ብቅልም እኮ ይሞቃል! ዶሮ አላስቀምጥ ብሎኝ ትናንት በጀሪካን ነው የከደንኩት። ዛሬ ጠዋት ጀሪካኑን ብነካው ትኩስ ነበር። ከላይ ነው የምለው፣ ከውስጡ ግን…»

«ያምጡት እትዬ የሺ። ክዳኑን እንዳይከፍቱት።»

አፉ ሰፊ የሆነ የፕላስቲክ ጀሪካን ነው። ሂዳያ ክዳኑን በቀስታ አንሥታ የተለኮሰ ክብሪት ወደ ውስጥ አስገባች። ነበልባሉ አፉን እንዳለፈ ውኃ የነካው ይመስል ጠፋ። ጋሽ ሙሄ ክብሪቱን ቀምተው ራሳቸው ሞከሩት። ሁለት እንጨት ጨረሱ።

«በእትዬ የሺ ጀሪካን ጅኒ ገባ እንበል?»

«ኧረ በስመ አብ! ከቤቴ ይራቅ!» አሉ የሺ፤ ሳሊም ሳያስበው ሳቀ።

«እጅዎን ያስገቡ አባባ።»

ጋሽ ሙሄ እጃቸውን እስከ ክርናቸው ብቅሉ ውስጥ ሰደዱ። ሙቀቱ ትኩሳት የያዘው ልጅ ግንባር ይመስል ነበር። ትናንት በመዳፋቸው የዳሰሱት ምድር ሙቀት ነው ይህ። ከሃያ አራት ዓመት በፊትም፣ በድሩን ከማስገባታቸው በፊት፣ በዚያ አፍ ላይ እጃቸውን ዘርግተው ሙቀቱ ተሰምቷቸው ነበር። ቢሰማቸውም አላሰቡበትም፤ እንግዳ መጥቶባቸው ቸኩለው ነበር።

እጃቸውን አወጡ። በክዳኑ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

«ይህን መቼ አወቅሽው?» አሉ።

«አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለሁ» አለች ሂዳያ። «መምህሩ ስለ እህል ትንፋሽ ሲያስተምር ከክፍል ወጥቼ አለቀስኩ። አባቴ ምን እንደገደለው ያን ቀን ገባኝ።»

«ስምንት ዓመት ዝም አልሽ?»

«ፈራሁ አባባ። አየሩ ከገደለው፣ ማን አስገባው የሚል ጥያቄ ይመጣል። ከእርስዎ በቀር የአባት ዘመድ የለኝም።»

ጋሽ ሙሄ ቃሉን የተቀበሉት እንደ ዱላ ነው። ልጅቱ ስታከብራቸው የኖረችው እያወቀች ነው። ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ይቆጣ ነበር፤ ወይም ነገር ያነሣ ነበር። እርሳቸውም ቁጣ ሞክሯቸው ነበር። ግን ከዚያ ሁሉ በታች አንድ ነገር ተጋድሞ ነበርና አሁን ራሱ ወጣ።

«እኔ ደግሞ ከአንቺ የባሰ ነገር ዝም ብያለሁ» አሉ። «በድሩ ቢስሚላህ ብሎ ነበር። አጠገቡ ቆሜ ነበር። በዚህ ጆሮዬ ሰምቼዋለሁ። ጮኽ ብሎ ነው ያለው፤ እንደውም ፈገግ ብሎ አየኝ። ሰው ቢስሚላህ ሳይል ገባ ሲል ግን አይደለም አላልኩም። ጅኒው ከያዘው እኔ አላስገባሁትም ማለት ነው፣ ጥፋቱ የራሱ ነው ማለት ነው ብዬ… ዝም አልኩ። ያ ወሬ አደገና እናትሽን ከቤቷ አስወጣት፤ አሁንም ዝም አልኩ።»

ዝናቡ መውረድ ጀመረ። ማንም ወደ ጥላ አልሄደም። ሂዳያ ፊቷን በሻሿ ጠረገች፤ እንባ ይሁን ዝናብ አይለይም።

«ዛሬ ሳሊምን ላስገባው ነበር» አሉ ጋሽ ሙሄ። «አንቺን መንገድ ላይ ባላገኝ ኖሮ አሁን…»

«አግኝተውኛል» አለች ሂዳያ፤ እጇን ዘርግታም አነሣቻቸው። «እናቴን በኋላ። አሁን እህሉ አለ።»

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ ጥድፊያ ነበር። የጎርፉን መንገድ በአፈር ዘጉ። ከጉድጓዱ አፍ በላይ ሸራ ወጠሩ። ሳሊም በወገቡ ገመድ ታስሮ፣ ሁለት ጎረቤቶች ገመዱን ከኋላ ይዘውለት፣ ከውጭ ቆሞ አፉን በዶማ ያሰፋ ጀመር። ሂዳያ ቅጠላም ቅርንጫፍ አስቆርጣ በረጅም እንጨት ጫፍ አሥራ ወደ ውስጥ ታወርዳለች፣ ታወጣለች፤ ከባዱን አየር እየቀዘፈች ታስወጣዋለች። በየጊዜው ኩራዙ ይወርዳል። ይጠፋል። እንደገና ቅርንጫፉ። «እህሉ እኮ እየረጠበ ነው!» ይላል ሳሊም። «ይርጠብ» ይላሉ ጋሽ ሙሄ። ዝናቡ ሲበረታ የሸራው አንድ ጎን ተቀደደና ውኃው በዚያ በኩል ገባ። ሳሊም ሊዘልል ሲነሣ አባቱ በሁለት እጃቸው ገመዱን ያዙት። «ሁሉም ይበስብስ፤ አትገባም!»

መጀመሪያ ከላይ ሆነው በባልዲ የሚደረስበትን ቀዱ። ኩራዙ እስከ ታች ወርዶ ሳይጠፋ ሲቀር እንኳ ሂዳያ ወዲያው አላመነችውም። «ኩራዝ አለመጥፋቱ ብቻ ዋስትና አይደለም» ብላ አየሩን አስቀዘፈች፣ ቆየች፣ አሁንም አስወረደችው። ከቀትር በኋላ ነው ሳሊም በብብቱ ሥር ገመድ ታስሮ፣ ሦስት ሰው ከላይ ይዞት የወረደው፤ በየደቂቃውም በስሙ ይጠሩት ነበር። ማምሻውን ማሽላው ወጥቶ ከቤት ወለል ላይ ተሰጣ። ሻጋታ የያዘው ተለይቶ ተጣለ፤ ሦስት ኩንታል ያህል ጠፋ። ጋሽ ሙሄ የተጣለውን ክምር አይተው አላዘኑም። ሳሊም ልጁን ታቅፎ በራፍ ላይ ቆሞ ነበር።

በማግሥቱ እሑድ ከሂዳያ ጋር ወደ ሸዋ ሮቢት ሄዱ። ፋዲላ ከጉሊቷ ላይ ሽንኩርት ስትለይ አገኟት። ጋሽ ሙሄ ሰላምታ እንኳ በቅጡ ሳይሰጡ ቆመው ነገሯት። አየሩን ነገሯት። ማን እንዳስገባው ነገሯት። ቢስሚላህ ማለቱን ነገሯት።

ፋዲላ የያዘችውን ሽንኩርት አስቀመጠች። «እኔ አውቅ ነበር» አለች። «በድሩ ውኃ ሲጠጣ እንኳ ቢስሚላህ ሳይል ጠጥቶ አያውቅም። ለእኔ ምን ይነግሩኛል? ያንን ወሬ ለሰሙት ይንገሩ። በጁምዓ፣ ሰው ሁሉ ባለበት። ያን ቀን እኔም እመጣለሁ።»

አምስቱ ቀን ለጋሽ ሙሄ እንቅልፍ የለሽ ሆነ። መናገሩ እንደሚያዋርዳቸው ያውቃሉ። ሽማግሌ ናቸው፤ ሰው ሲጣላ የሚያስታርቁ፣ ቃላቸው የሚሰማ። ግን ጁምዓ ደረሰ፣ ሶላት ተሰገደ፣ ሰዉም ከመስጊዱ ግቢ ሳይበተን «አንድ ጉዳይ አለኝ» ብለው ቆሙ። በሴቶቹ በኩል ፋዲላ ከሂዳያ ጋር ተቀምጣለች። እትዬ የሺም ከአጥሩ ውጭ ከነባለቤታቸው ከአቶ ወርቁ ጋር ቆመው ነበር።

«ወንድሜ በድሩ ቢስሚላህ ብሎ ነው የገባው» አሉ ጋሽ ሙሄ። «ሰምቼዋለሁ። የገደለው ጅኒ አይደለም። እርጥብ እህል ያበላሸው አየር ነው የገደለው። ያስገባሁትም እኔ ነኝ።»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ «ታዲያ ይህን ሁሉ ዘመን ለምን ዝም አልክ?» ብለው ጠየቁ።

«ፈርቼ። ጥፋቱን ለማይታይ ነገር ስንሰጠው ከራሳችን ይወርዳል። ግን ጥፋቱ ያለበት ቦታ ካልታወቀ ነገም ይደገማል። ቅዳሜ ዕለት በገዛ ልጄ ላይ ሊደገም ነበር።»

ከዚያ የሚሉትን ሁሉ አሉ። ንግግራቸው የመምህር አልነበረም፤ ያየ ሰው ንግግር ነበር። እህል ሳይደርቅ እንዳይቀበር፤ በጥርስ ሲሰብሩት ካልጮኸ ገና ነው አሉ። ጉድጓድ ከመከፈቱ በፊት የምድሩን ሙቀት መዳሰስ፣ ከተከፈተ በኋላ አየሩን ደጋግሞ መቅዘፍና መቆየት፣ ኩራዝ አውርዶ ማየት፣ በእጅ ባትሪ አለመታለል። ኩራዝ ቢበራም ማንም ብቻውን፣ ያለ ገመድ፣ ያለ ሰው እንዳይገባ። «የወደቀ ሰው ካያችሁ ደግሞ ተከትላችሁ አትዝለሉ» አሉ። «እኔ ያን ቀን አንገቴን አስገብቼ ዞሮብኝ ነበር፤ ሰው ጎትቶ ባያወጣኝ ሁለት መቃብር ይቆፈር ነበር።»

«እና ጉድጓዱን እንድፈነው?» አለ አንድ ገበሬ ከኋላ።

«አትድፈነው። ይህችን የወንድሜን ልጅ ጠይቃት።»

ሂዳያ ተነሣች። «አባቶቻችን ሞኞች አልነበሩም» አለች። «ጉድጓድ በደንብ ተከድኖ ደረቅ እህል ሲቀመጥበት ነቀዙ በውስጡ ያለውን አየር ተንፍሶ ይጨርስና ራሱ ይሞታል። ይህ ትልቅ ዘዴ ነው፤ መርዝ የለው፣ ወጪ የለው። ሰውን የገደለው ነገርና እህሉን ከነቀዝ የሚጠብቀው ነገር አንድ ነው። ካወቅነው ያገለግለናል። አየር የማያስገባው ድርብ ከረጢትም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። የፈለገ ከረጢቱን ይጠቀም። በክፉ ጊዜ ከመሬት ሥር ማኖር የፈለገ ደግሞ ጉድጓዱን በላስቲክ ለብጦ እርጥበት እንዳይነካው ያድርግ። ቤት ዘግተው ከሰል የሚያነዱም ይስሙኝ፤ የከሰል መርዝ ከዚህ የባሰ ነው፤ ሽታ እንኳ የለውም። እሳት የሚበላውን አየር እኛም እንፈልገዋለን።»

ጥያቄው በዛ። ሰዉ ተቆጥቶ ይበተናል ብለው የፈሩት ጋሽ ሙሄ፣ በዙሪያቸው የሚገፋፋውን ሕዝብ አይተው ተደናገጡ። በዚያው ቀን ሰባት አባወራዎች «መጥታችሁ የኛንም እዩልን» አሉ፤ ከሰባቱ በሁለቱ ጉድጓድ ውስጥ ኩራዙ ጠፋ። አቶ ወርቁ ደግሞ በእነርሱ በኩል ላሉት እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ራሳቸው እንደሚናገሩ ቃል ገቡ። የሚቀጥለው መኸር ሲገባ በዚያ መንደር እርጥብ እህል የቀበረ ሰው አልነበረም፤ የነቀዝ መርዝ የሚገዛውም ጥቂት ሆነ። ገመድ ሳያስር ጉድጓድ የሚገባ ሰው ቢገኝ ሚስቱም ልጁም ይጮኹበታል።

ያን ጁምዓ ከሰዓት በኋላ ጋሽ ሙሄ ከጉድጓድ ወደ ጉድጓድ ሲሄዱ ቆይተው ደክሟቸው ወደ ቤት ተመለሱ። ፋዲላ ወደ ከተማ ተመልሳለች ብለው አስበው ነበር። ከበራፋቸው ሲደርሱ ግን ከሳሊም ሚስት ጋር በወለሉ ላይ ከተሰጣው ማሽላ ዳር ተቀምጣ፣ ደኅናውን ከተበላሸው ስትለይ አገኟት። ቀና ብላ አየቻቸው። አጠገቧ ቦታ ለቀቀችላቸው፤ እርሳቸውም ተቀምጠው አብረዋት ይለቅሙ ጀመር። ሲመሽ ውኃ ለመነች፤ ሳሊም አመጣላት፤ ቢስሚላህ ብላ ጠጣች። ያን ሌሊት እዚያው አደረች።